«በባዶ እጅ ይጠቀሙበት»

መሥሪያ ቤት ውስጥ አነፍናፊዋ ነበር የምንላት። የዕቃ ማጠቢያ፣ የወለል ማጽጃ፣ የመስታወት መወልወያ፣ ምኑ ቅጡ፣ ለቤት ጽዳት ተብሎ ገበያ የሚወጣ ፈሳሽ ሁሉ መጀመሪያ በእሷ ጠረጴዛ ያልፋል። ክዳኑን ከፈት አድርጋ አንዴ ስታሸተው ውስጡ ምን እንዳለ ትናገራለች። የቤተ ሙከራው መሣሪያ ከሰዓት በኋላ የሚያወጣውን ውጤት እሷ ጠዋት ጨርሳዋለች። በቅጽል ስሟ አትቀየምም፤ እንዲያውም ጉንፋን ሲይዛት «ዛሬ ቢሮው ዝግ ነው» ትለን ነበር።

እኔ የክፍሉ ጸሐፊ ነበርኩ። እሷ በእርሳስ የሞላችውን የሙከራ ቅጽ ተቀብዬ በኮምፒዩተር እጽፋለሁ፤ ኃላፊው ይፈርማል፤ ማኅተም ያርፍበታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ተቀምጠናል። ስለዚህ ከምነግራችሁ ነገር ግማሹን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ግማሹን ከራሷ አፍ ሰምቼዋለሁ።

እናትና አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱባት ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት። «እታለም» ነው የምትላት፤ እኛም ሰምተን በዚያው ቀረን። እታለም ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ በአንድ ጤና ጣቢያ የጽዳት ሠራተኛ ሆነች፤ ታናሽዋን ኮሌጅ ያስገባችው በዚያ ሥራ ነው። ቀጥ ያለች፣ ረጅም፣ ነገር የምታውቅ ሴት ናት። በሥራዋ አታፍርም። «ሐኪሞቹ የሚያክሙት ከእኔ ያመለጠውን ነው» ስትል ሐኪሞቹም አብረው ይስቃሉ።

እሁድ እሁድ የታናሽዋን ፀጉር የምትሠራው እሷ ነበረች። አርባ ዓመት ያለፋት ባለሙያ እንደ ሕፃን እግሯ ሥር ቁጭ ብላ፣ ጭንቅላቷን ወዲያና ወዲህ እየተገፋች፣ የሳምንቱን ወሬ ታወራለች። ሰኞ ቢሮ ስትመጣ ሹሩባው እንዴት እንደጠበቀ አይተን «ትናንት ተቆጥታሻለች ማለት ነው» እንላት ነበር።

አንድ ቀን አንድ ፋብሪካ አዲስ የወለልና የዕቃ ማጽጃ ለምርመራ አስገባ። ጠርሙሱ አረንጓዴ ነው፤ ፊቱ ላይ ትልቅ ቅጠል ተስሎበታል። ከሥሩ «ከተክል ብቻ የተሠራ፤ ውሃና አፈር የማይበክል፤ ለቆዳ ተስማሚ። ያለ ጓንት በባዶ እጅ ይጠቀሙበት» ይላል። አነፍናፊዋ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው።

«ይሄ ሎሚ ዛፍ አያውቅም» አለች። ሳቅን።

የሙከራ ቅጹ ስድስት ጥያቄዎች ብቻ ነበሩት። ቅባት ያስለቅቃል ወይ? አሲድነቱ ስንት ነው? ውፍረቱስ? አረፋው ስንት ደቂቃ ይቆያል? መጠኑ በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ነው ወይ? ክዳኑ ያፈሳል ወይ? ቅጠሉ እውነት ይሁን ውሸት የሚጠይቅ መስመር አልነበረም። ፈሳሹ ስድስቱንም አለፈ፤ ቅባቱን ያለፈው ግን ለጥቂት ነው። እሷ ቅጹን ከሞላች በኋላ በጠርዙ ላይ ደቀቅ ባለ ጽሑፍ አንድ ነገር ጨምራ ነበር፤ «ጠረኑ የፋብሪካ ነው። ‹ከተክል ብቻ› የሚለው ይጣራ።»

ልጽፈው ስቀመጥ ይህን የት እንደማገባው ጠየቅኳት። ያን ሳምንት ጠረጴዛዋ ላይ የናሙና ጠርሙስ እንደ ሠልፈኛ ቆሟል፤ ኃላፊው ቶሎ እንድንጨርስ ጠዋት ማታ ይወተውታል። እርሳሱን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ትንሽ አሰበች።

«ተይው» አለች። «ቅጹ አይጠይቅም።»

እኔም ተውኩት። «አልፏል» ብዬ ጻፍኩ።

ከጥቂት ወራት በኋላ እታለም የምትሠራበት ጤና ጣቢያ የድሮውን ማጽጃ ትቶ ይህንኑ ባለ ቅጠሉን ያዘ። የጽዳት ተቆጣጣሪው ጠርሙሱ ላይ ያለውን አንብቦ ጓንት ማስመጣት አቆመ። ሠራተኞቹ አጉረመረሙ። እታለም የዚያኑ ቀን እህቷን አንቺ ያየሽው ነው ወይ ብላ ጠየቀቻት፤ አነፍናፊዋም፣ ሌላ ነገር እየሠራች ስለነበር፣ ቀና እንኳ ሳትል አዎ አለች። ከዚያ በኋላ ጤና ጣቢያው ውስጥ ማንም ሲጠራጠር እታለም ናት የምትከራከረው። እህቴ በእጇ የመረመረችው ነው፣ ዝም ብላችሁ ሥሩ ትላቸዋለች። በእህቷ መኩራት ልማዷ ነው።

በሁለተኛው ወር ጣቶቿን ያሳክካት ጀመር። ከዚያ ቀላ፤ ከዚያ ተላጠ፤ ከዚያ በየመገጣጠሚያው ተሰነጣጠቀ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ከእህቷ ጋር ወደምትኖርበት ቤት ስትገባ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቷ ትጎትተዋለች። እሁድ ሲመጣ ትከሻዬን አሞኛል አለች። በሚቀጥለውም እንዲሁ። አነፍናፊዋ ፀጉሯን ሌላ ቦታ ተሠርታ ስትመጣ አየናት።

ነገሩ የወጣው በአጋጣሚ ነው። እታለም የቤት ቁልፍ ረስታ ስለነበር ታናሽዋ በምሳ ሰዓት ልታቀብላት ጤና ጣቢያው ሄደች። ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ እህቷ አጎንብሳ ጨርቅ ከባልዲ ውስጥ ስትጨምቅ አገኘቻት። ጣቶቿ አብጠዋል። ስንጥቁ ውስጥ ደም ይታያል።

«ጓንትሽስ?»

«ምን ጓንት አለ? በባዶ እጅ ይላል እኮ» አለች እታለም፤ እጆቿን ቶሎ ወደ ኋላዋ ወስዳ።

«እንዲህ ከሆነ ስንት ጊዜው ነው?»

«ሦስት ወር ቢሆነው ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

እታለም በሩን ተመለከተች፤ የሚሰማ ሰው እንዳለ ለማየት ነው። «ምን ብዬ? እህቴ ያሳለፈችው ሳሙና ፈጀኝ ልበል?»

አነፍናፊዋ ይህን ስትነግረኝ እንባ አላወጣችም። ባልዲውን ይዛ እንደደፋችውና የባዶው ባልዲ ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ሲያስተጋባ እንደሰማችው ብቻ ነው የነገረችኝ።

የቆዳ ሐኪሙ በእታለም ጀርባ ላይ የተለያየ ኬሚካል ያለባቸው ትንንሽ መፈተኛዎች ለጥፎ በሦስተኛው ቀን አነሳቸው። አንደኛው ቦታ እንደ ፍም ቀልቶ ነበር። ጥፋተኛው ፈሳሹ እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ኬሚካል ነው፤ ስሙ በጠርሙሱ ላይ አልተጻፈም። ሐኪሙ እንዳስረዳቸው ሰውነቷ አንዴ ስለተቆጣ ከእንግዲህ በቆዳዋ ባገኘው ቁጥር ይቆጣል፤ ኬሚካሉ የሚገባውም በዚያ ጠርሙስ ብቻ ሳይሆን በብዙ ሳሙና፣ ሻምፑና የፀጉር ቅባት ውስጥ ነው። እጇ ይድናል፤ የጽዳት ሥራ ግን በቃ። እታለም ፀጉር መሥራትም አይቻልም ወይ ብላ ጠየቀች። ቅባት የነካው ፀጉር አይቻልም አላት።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እኛ ግን የተቃጠልነው ቅጠሉን አምነን ነው።

አነፍናፊዋ በማግሥቱ ቢሮ ገብታ ማንንም ሳታስፈቅድ ሥራ ጀመረች። ከተለያየ ሱቅ የገዛቻቸውን አሥር የባለ ቅጠሉን ጠርሙሶች ደረደረች። አንድ ዓይነት ሴራሚክ ላይ አንድ ዓይነት ቅባት ቀባች፤ አንዱን በባለ ቅጠሉ፣ አንዱን በተራ የዕቃ ሳሙና፣ አንዱን በሞቀ ውሃ ብቻ አጠበች። ተራው ሳሙና ጠርጎ አወጣው። ባለ ቅጠሉ ከሞቀው ውሃ የሚሻለው በጥቂቱ ነው፤ ከእጅ አይሻል ዶማ። ሎሚውም እንዳለችው የፋብሪካ ሎሚ ነው። ሐኪሙ የጠራው ኬሚካል በአሥሩም ውስጥ ተገኘ። በሁለት ሳምንት የሠራችውን አራት ገጽ አድርጌ ጻፍኩላት፤ በዚህ ጊዜ አንድም ቃል አልተውኩም።

ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። አራቱንም ገጽ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። «አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም» አላት። «ቅጹን በትክክል ሞልተሻል።»

«ጥፋቴ እሱ ነው» አለችው። «ትክክል የሆነው ቅጹ ብቻ ነው።»

ወረቀቱን ወደ በላይ ላከው፤ ከበላይ ወደ ሌላ በላይ ሄደ። ቅጹ ላይ ሰባተኛ ጥያቄ ለመጨመር፣ ማለትም በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ማስረጃ አለው ወይ ተብሎ እንዲጠየቅ፣ ሁለት ዓመት ፈጀ። ፋብሪካው «ብቻ» የምትለዋን ቃል አወጣ፤ «በባዶ እጅ» የሚለውንም አወጣ። ቅጠሉ አሁንም አለ። እንዲያውም ካለፈው ጊዜ ተለቅ ብሏል።

በዚያ ሁለት ዓመት ውስጥ አነፍናፊዋ ተለወጠች። ጠርሙስ ስትከፍት ማሽተት ትታ ቀጥታ ወደ መሣሪያው ትወስደዋለች። አንድ ቀን አዲስ የመጣ ባለሙያ፣ ወሬዋን ሰምቶ ኖሮ፣ አንድ ጠርሙስ አምጥቶ እስቲ በአፍንጫሽ ፍረጂው አላት። ውጤቱን ጠብቅ ብላ ወደ ሥራዋ ዞረች። እኛም ቅጽል ስሙን ቀስ በቀስ ተውነው።

እህቷን ይቅርታ የጠየቀቻት ከሐኪም ቤት በተመለሱ ቀን ነው። በጠርዙ ላይ ጽፋ ስለተወችው ማስታወሻ ነገረቻት። እታለም አታውቅም ነበር። እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ጭኗ ላይ ነበር።

«አውቀሽ ነበር ማለት ነው» አለች።

«ጠርጥሬ ነበር።»

«እኔ እኮ ያመንኩት ጠርሙሱን አይደለም» አለች እታለም። የተናገረችው በቁጣ አይደለም። ወዲያው ደግሞ ታናሽዋ ማልቀስ ስትጀምር፣ ያለፈ ነገር ነው፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ በይ ፊትሽን ታጠቢ ብላ አባበለቻት። ማጽናናቱም ለእሷው ቀረ።

እታለም አሁን እዚያው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። የበሽተኛውን ሁሉ የካርድ ቁጥር በቃሏ ታውቃለች ይባላል። ደስ ይልሻል ወይ ስላት፣ ቁጭ ብሎ መዋል እንደሚያደክም ማን ነግሮኝ አለችኝ። ታናሽዋ ጡረታዋን ሳትጠብቅ ሥራዋን ለቅቃ በየትምህርት ቤቱና በየጤና ጣቢያው እየዞረች ለጽዳት ሠራተኞች ስለ ማጽጃ ታስረዳለች። ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን እንዴት እንደሚያነቡ፣ ያልተጻፈውን እንዴት እንደሚጠይቁ ታሳያቸዋለች። የትኛው ጥሩ ነው ብለው ሲያስጨንቋት ጓንታችሁን አድርጉ፣ ከዚያ እንነጋገራለን ትላቸዋለች። እንዲህ ነው ብላ ስለ አንዱም አትምልም።

ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ከምሳ በኋላ አነፍናፊዋ ዕቃ ታጥባለች፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ አደርቃለሁ። ስለዚያች «ተይው» እና ስለ እኔ ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳሁባት። እኔም እንጻፈው ብዬ ልከራከራት እችል እንደነበር፣ እህቷ ይቅር ካለቻት ለምን ራሷን እንደማትተው ነገርኳት።

እጇን ከውሃው ሳታወጣ መለሰችልኝ። «እሷማ ይቅር ብላኛለች። የከበደኝ እሱ ነው።»

ከሳሎን እታለም ብርጭቆዎቹን ሁለቴ እንድናለቀልቅ አዘዘችን። እሺ ብለን አለቀለቅን።