እማ ዘሃራ ደሴ ታክመው የተመለሱበት መንገድ

ማለዳ ከመካነ ሰላም መናኸሪያ ተነሣን፤ እኔና የባሌ እናት እማ ዘሃራ። የምንሄደው ደሴ፣ የማኅፀናቸውን መውረድ ለማሳከም ነው። ባሌ ሰይድ «የሴት ጉዳይ ነው» ብሎ ቀረ።

የመጨረሻ ልጃቸውን ከወለዱ ጀምሮ ማኅፀናቸው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሽንትም ያመልጣቸዋል። በጨርቅ ደግፈውት ውሃ ቀድተዋል፣ አጭደዋል። እኔ ያወቅኩት በቅርቡ ልብሳቸውን ሳጥብ ነው። «ለምን አልነገሩኝም?» ብላቸው፣ «ድሮ ለአንድ ሐኪም ነግሬው ነበር። እርጅና ነው፣ ይለምዱታል አለኝ» አሉኝ። ያን ቀን የጀመረኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደም። እግሩ ለተሰበረ ሰው «ትለምደዋለህ» ይባላል?

እስከ አቀስታ

አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር እማ ዘሃራ ከንፈራቸውን ነክሰው የፊቱን ወንበር ይጨብጣሉ። በመስኮቱ ማዶ ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ከኋላችን የተቀመጠ ጋቢ የለበሰ ሰውዬ አፍንጫውን ይዞ «ኧረ መስኮት ክፈቱ! ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ።

ዞሬ «ሽንት ነው። ታማሚ ይዤ ነው። ሌላ የምትጠይቀው አለ?» አልኩት።

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። እማ ዘሃራ ክንዴን ቆንጥጠው «ተይ ልጄ፣ አታዋርጂኝ» አሉና በሻርፓቸው ተሸፈኑ። ለእሳቸው ስቆጣ እሳቸውን አሳፈርኳቸው።

አቀስታ ለምሳ ወረድን። ሽሮውን ቀመስ አደረጉ፤ ሻዩን ግን አልነኩትም። «መንገድ ላይ ይመጣብኛል» አሉ። «ወላሂ፣ ውሃ ሳልጠጣ መዋሉስ ለምጄዋለሁ። የከበደኝ ሶላቱ ነው። ታጥቤ ዉዱእ አድርጌ ገና ለሶላት ሳልቆም ይፈርስብኛል።» ከዚያ የጉጉፍቱን ተራራ በብርድና በጉም ውስጥ አቋርጠን ደሴ ገባን።

ደሴ

የመረመረቻቸው ሐኪም ወጣት ሴት ናት። «አብሽሩ እናቴ» ብላ አማራጮቹን ነገረቻቸው። ያለ ቀዶ ሕክምና ማኅፀኑን ደግፎ የሚይዝ ቀለበት አለ፤ በየጊዜው እየወጣ ይታጠባል። ማኅፀኑን ሳያወጡ ወደ ቦታው መልሶ በስፌት ማሰርም ይቻላል። አለዚያም ማኅፀኑን አውጥቶ፣ የላላውን ግድግዳ ሰፍቶ ማጥበቅ ነው። «ዳግም አይላላም ብዬ ግን አልምልም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ምን ወሰናችሁ?» አለችኝ።

«እኔን ጠይቂኝ እንጂ!» ጮኹ እማ ዘሃራ። ድምፃቸው እንዲህ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። «የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ቀለበት እያጠብኩ የምመልስበት ዓይንም ጉልበትም የለኝ። አውጭው። ልጆቼን ወልጄበታለሁ፣ አልሐምዱሊላህ፤ በቃኝ።»

ሐኪሟ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። ልንወጣ ስንል እማ ዘሃራ በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «እሷንም እይልኝ። ስታስነጥስ እግሯን ታጣብቃለች። ሁለተኛውን ከወለደች ወዲህ ነው።»

ፊቴ ጋለ። ለማንም፣ ለባሌም ቢሆን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ሐኪሟ መርምራኝ፣ ለጥቂት ወራት የዳሌን ወለል ጡንቻ፣ ሽንት እንደሚቋጥር ሰው፣ እየጨበጡ መልቀቅ እንድለማመድ አሳየችኝ። ያ ካልበቃ ከሽንት ቧንቧው ሥር ቀጭን ማሰሪያ የሚቀመጥበት ቀዶ ሕክምና አለ አለችኝ።

«ሰማሽ?» አሉኝ እማ ዘሃራ። «እኔ የከረምኩትን ያህል ብትከርሚ ወዮልሽ!»

ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ። ጥቂት ቀን ተኝተው፣ ከባድ ነገር እንዳያነሡ ተመክረው ወጡ።

መካነ ሰላም

ቤት ስንደርስ ጎረቤት ሞልቶ ጠበቀን። የሰይድ አጎት «ምን ነበር ሕመሟ?» ሲሉት ሰይድ ዓይኑን ሰብሮ «ኩላሊቷን ነው» አለ።

እማ ዘሃራ ከተደገፉበት ቀና አሉ። «የምን ኩላሊት! ማኅፀኔ ወጥቶ ነበር። አንተ የመጣህበት!»

ወንዶቹ አቀረቀሩ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ፤ ይህን ሁሉ ዘመን እሳቸውን ያሳመማቸው የእኛም ዝምታ ነው። ከሴቶቹ መካከል አንዲት ጎረቤታችን ተነሥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና በጆሯቸው አንድ ነገር ጠየቀቻቸው።

«ጮክ ብለሽ ጠይቂኝ» አሏት።