በረዶ የመታት ቢጫ ወፍ

ወፏ የወደቀች ዕለት ቤት የነበርነው አጎታችን ሰይድ፣ ታላቅ እህቴ ዘሃራ፣ የጎረቤታችን ልጅ ከድርና እኔ ነበርን። ዛሬ መካነ ሰላም ላይ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያ የልጅነቴ መስከረም መጣብኝ። በየመስከረሙ ከሩቅ አገር ባሕር ተሻግራ የምትመጣው፣ ከብት እየተከተለች ዝንብ የምትለቅመው፣ ጅራቷ የማያርፈው ትንሽ ቢጫ ወፍ በረዶ መትቷት ደጃችን ላይ ወደቀች።

"ያን ሁሉ ባሕር አቋርጣ መጥታ እዚህ ትሙት?" አሉ አጎቴ። በማግስቱ ተነስታ፣ በጀልባ ወደ ዓረብ አገር ልትሻገር የነበረችውን ዘሃራን እያዩ፣ "ቅሪ ልጄ" አሏት።

ዘሃራ ወፏን አነሳቻት፤ ገና ትሞቃለች።

"ባሕሩንማ አልፋዋለች፣ አያ። የገደላት የኛው በረዶ ነው።"

በማግስቱ ሄደች። ደረሰች የሚል ወሬ እስከ ዛሬ አልሰማንም።

ያን ዕለት ዘሃራ ወፏን ስትቀብር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ ቃሉን ግን የበረዶው ድምፅ ዋጠብኝ። አጎቴ፣ ከድር፣ የሰማችሁት ካለ ንገሩኝ።