ሥራ ፈላጊዋ አከራይ

ወርቅውሃ ይመር ከሞጣ ወደ ሰበታ የመጣችው የጭነት መኪና ሹፌር አግብታ ነው። ባሏ ተረፈ የጅማን መንገድ ሲመላለስበት ኖሮ፣ ልጃቸው ስምዖን ስድስት ዓመት ሲሆነው ባልየው በወባ ሞተ። ለእሷ የቀራት አንድ ክፍል ቤትና በእግር የሚረገጥ የልብስ ስፌት መኪና ነበር። በዚያች መኪና የሰበታን ተማሪ ግማሹን አልብሳለች ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም። ነሐሴ ሲጋመስ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ደጇ ይሰለፉ ነበር። እሷም ልጁን ከእግር እስከ ራሱ ታየውና፣ በዓመቱ ስንት ጣት እንደሚረዝም ገምታ የሱሪውን እጥፋት ትተውለታለች። ግምቷ እምብዛም አይስትም ነበር።

ቆጣቢ ነበረች። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት የለመደችው ሐኪም ከልክሏት አይደለም። ለራሷ ቀሚስ የምትሰፋው ከደንበኛ በተረፈ ጨርቅ ስለሆነ፣ እጅጌው ሁልጊዜ ሌላ ቀለም ነው። በተጠራቀመው ገንዘብ ቦታ ገና ርካሽ ሳለ ገዛች፤ አንድ ክፍል ሠርታ አከራየች፤ በኪራዩ ሌላ ክፍል ሠራች። ሃምሳ አራት ዓመት ሲሞላት አሥራ አንድ የሚከራዩ ክፍሎችና በዋናው መንገድ ዳር አራት ሱቆች ነበሯት። በአንደኛው ሱቅ ራሷ ትሰፋበት ነበር።

ያን ሱቅ ስልክ የሚሸጠው አብዱልከሪም ፈለገው። እከፍላለሁ ያለው ኪራይ እሷ ወር ሙሉ ሰፍታ ከምታገኘው እጥፍ ነበር። ስምዖን አዲስ አበባ ባንክ ቤት ነው የሚሠራው። ይህን ሲሰማ እናቱን ዐረፍ እንድትል ለመናት፤ ጉልበቷን እያመማት እንደሆነ፣ የሥራ ባልደረቦቹም እናቱ እስካሁን መኪና እንደምትረግጥ ቢያዩ እንደሚታዘቡት ነገራት። ወርቅውሃን ያሳመናት የልጇ ልመና አልነበረም። ሒሳቡ ነው። እጥፍ የሚከፍል ሰው እያለ እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ ገንዘብ እንደመጣል ታያት። መኪናዋን ጨርቅ አልብሳ ዕቃ ቤት አስገባችና ቁልፉን ለአብዱልከሪም ሰጠችው።

የመጀመሪያውን ወር ተኛች። በሁለተኛው ወር እንቅልፍ እምቢ አለ። ገና ሳይነጋ ትነሣና ለብሳ፣ ነጠላዋን ደርባ በሩ ላይ ስትደርስ የምትሄድበት እንደሌለ ትዝ ይላታል። ከዚያ ግቢውን መዞር ትጀምራለች። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ታጠብቃለች፣ የበራ አምፖል ታጠፋለች፣ የማን ልብስ ከተሰጣ ስንት ቀን እንደሆነው ታያለች። ተከራዮቹ ኮቴዋን ሲሰሙ ድምፃቸውን መቀነስ ጀመሩ። ስምዖን ትልቅ ቴሌቪዥን ገዛላት። ድራማው ሲጀምር ቁጭ ትላለች፤ ሰዎቹ ገና ሰላም ተባብለው ሳይጨርሱ ተነሥታ የሶፋውን ልብስ ስፌት በምላጭ እየተረተረች ነው።

በዓመት በዓል ማግስት ስምዖን ቢሾፍቱ ወስዶ ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል አሳደራት። ዓሣ አዘዘላት። እሷ ሐይቁን አንዴ አይታ ዐይኗ የሆቴሉ መጋረጃ ላይ ተተከለ። ጠርዙ ተጣሞ ተሰፍቶ ነበር፤ ሃያ ሁለት መጋረጃ፣ ሁሉም ተጣሞ። ለመመለስ ቸኮለች። ሐኪም ቤት ሄዳ ደም ግፊቷ ከፍ ብሏል ተባለችና፣ ሐኪሙ ዕረፍት እንድታበዛ ሲመክራት ሳቋ አምልጧት ይቅርታ ጠየቀችው።

ከዚያ ሌላ ልማድ አመጣች። ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ አየር ጤና ትደርስና፣ ከዚያው ሳትርቅ በሌላ ሚኒባስ ትመለሳለች። ጉዳይ የላትም፤ ሰው ወደ ሥራ ሲጣደፍ አብራ መጣደፍ ነበር ያማራት። ለታክሲ የምታወጣው ግን ያንገበግባታል። በሦስተኛው ሳምንት ከአንድ የልብስ ፋብሪካ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ በመስኮት አየችና ወራጅ አለች። ልምድ ያላቸው ሰፊዎች ለሦስት ወር በጊዜያዊነት ይፈለጋሉ ይላል።

የቅጥር ክፍሉ ሰው መታወቂያዋ ላይ ዕድሜዋን አይቶ ገረመማት። ሴትዮዋን በሰላም ለማሰናበት ይመስላል፣ ለፈተና ከአንድ የኤሌክትሪክ መኪና ፊት አስቀምጦ የሸሚዝ ኮሌታ ሰጣት። ወርቅውሃ ፔዳሉን ሁለቴ ነካ ነካ አድርጋ ፍጥነቱን ለካች። ኮሌታውን ስትመልስለት ሰውዬው ገልብጦ አየው፤ ሌላ ሰው ጠርቶ አሳየው። በማግስቱ እንድትጀምር ነገራት።

የተመደበችበት ክፍል ለአንድ የግንባታ ድርጅት ቱታ የሚሰፋበት ነበር። የመስመሩ ተቆጣጣሪ ሰማያዊ ጋውን ለብሳ፣ ወረቀት ይዛ፣ በመኪኖቹ መሃል ትመላለሳለች። ስትዞር ወርቅውሃ ዐወቀቻት። አቤኒ ናት፤ በእሷው ግቢ ከኋላ በኩል ሦስተኛውን ክፍል የተከራየች የሃያ አምስት ዓመት ልጅ።

አቤኒ ወረቀቷን ደረቷ ላይ አስጠግታ መጣች። “እትዬ ወርቅውሃ፣ ሰው ፈልገው ነው?”

“ሥራ ይዤ ነው” አለች ወርቅውሃ ዝቅ ባለ ድምፅ። “እዚህ አንቺ በይኝ።”

አቤኒ ግን አልቻለችም። ሁሉንም “አንቺ፣ ፍጠኚ” የምትል ልጅ፣ እዚች ወንበር ጋ ስትደርስ “ይህን ቢያስተካክሉት” ትላለች። ሠራተኞቹ መተያየት ጀመሩ። አዲሷ ሴትዮ የባለቤቱ ዘመድ ሳትሆን አትቀርም፣ ሰላይ ናት ተባለ።

ወርቅውሃን ወሬው አልነካትም። የመቶ መኪና ድምፅ አንድ ላይ ሲነሣ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ይረጋላታል። በምሳ ሰዓት ከልጃገረዶቹ ጋር ሳሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እየተቀባበሉ ሲሳሳቁ ትሰማለች። ለስምዖን በየጠዋቱ ኪዳን ልታስደርስ ቤተ ክርስቲያን እንደምትሄድ ነገረችው። ውሸቱ ከነከናት፤ ሌሊቱን ግን ለጥ ብላ ትተኛ ነበር።

ደስታው ከሦስት ሳምንት አላለፈም። የሰጧት የግራ ኪስ ነው። ጠዋት የግራ ኪስ፣ ከሰዓት የግራ ኪስ። የቀኙን ከጎኗ ያለችው ትሰፋዋለች። ጨርቁ ከየት እንደመጣ፣ ከእሷ በኋላ ምን እንደሚሆን አታይም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ለክታ፣ ቆርጣ፣ ሰፍታ፣ አልብሳ፣ “እስቲ ዙር” ብላ ያየች ሴት ናት። እጇ እየሠራ እግሯ ይቁነጠነጥ ጀመር። እቤት ግቢውን ስትዞር የሚሰማት ያው ስሜት ወንበሯ ድረስ መጣባት።

አንድ ቀን ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ ቀረች። ከየመኪናው ላይ እጅጌ፣ ጀርባ፣ ኮሌታ፣ እግር ሰበሰበችና ቱታውን ከላይ እስከ ታች ራሷ ሰፋችው። አንሥታ ይዛ በመስኮቱ ብርሃን እያገላበጠች ሳለ ሥራ አስኪያጁ ገባ። ከየመስመሩ ቁራጭ በመጉደሉ ከሰዓት በኋላ ሥራው ለግማሽ ሰዓት ቆመ። ሥራ አስኪያጁ የተቆጣው ወርቅውሃን አልነበረም፤ ሠራተኛ መያዝ አልቻልሽም ብሎ በሰው ሁሉ ፊት አቤኒን አዋረዳት።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ አቤኒ የወርቅውሃን በር አንኳኳች። ግቢ ብትባልም አልገባችም። ወርቅውሃ ይቅርታ ልትጠይቃት አፏን ስትከፍት ልጅቷ ቀደመቻት።

“ስለ ዛሬው አይደለም የመጣሁት። እህቴ ሲፈን ከወሊሶ ከመጣች ሁለት ወሯ ነው። ከእኔው ጋር አንድ ፍራሽ ላይ ነው የምትተኛው። ስፌት ትችላለች። ስሟን ካስመዘገብኩ ቆየሁ፣ ቦታ ሞልቷል አሉኝ። እኔ እዚያ የምሠራው የእርስዎን ኪራይ ልከፍል ነው። እርስዎስ ለማን ይከፍላሉ?”

አቤኒ ደህና ይደሩ ብላ ሄደች። ወርቅውሃ እራት አልበላችም፤ ሳሎኑ ውስጥ ከመስኮት እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት ስትመላለስ አመሸች። ገንዘቡን ፈልጋ እንዳልገባች ታውቃለች። የመጀመሪያውን ደሞዝ እንኳ አልነካችውም። ግን የፈለገችው ነገር ምን ይባላል? ለዚች ልጅ ምን ብላ ታስረዳታለች?

በማግስቱ ቅጥር ክፍል ሄዳ ለቀቀች። በቦታዋ ሲፈንን እንዲፈትኑ ለመነች። ሰውዬው ቅር እያለው ጠራት፤ ልጅቷ ፈተናውን አልፋ የግራ ኪሱን ተረከበች። አቤኒ አመሰገነቻት፤ ወርቅውሃ ግን ምስጋናውን ለመቀበል አፈረች።

ሳምንቱን እንደገና ግቢዋን ስትዞር ሰነበተች። ሰኞ ዕለት አብዱልከሪም ሱቅ ገባችና ውሉ ሲያልቅ እንደማታድስለት ነገረችው። እሱ ዋጋ ለማስጨመር የመጣች መሰለውና ጨመረላት። እምቢ አለች። እንደገና ጨመረ። ያን ጊዜ ጉሮሮዋ ድረስ የመጣውን እሺታ በግድ ዋጠችው። የአብዱልከሪም ፊት እስኪጠፋባት ድረስ በልቧ ስታባዛና ስትደምር ቆይታ፣ “ለራሴ ፈልጌው ነው” ብላ ወጣች።

ስምዖን ይህን ሲሰማ ከአዲስ አበባ ከነፈ። ስለ ፋብሪካውም ሰምቶ ነበርና በጣም አዘነ። ምን ጎደለብሽ፣ ምንስ አጎደልኩብሽ ብሎ ጠየቃት።

“ምንም አልጎደለብኝም” አለችው። “መቆጠብ አውቃለሁ፤ እሱን ለአንተም አስተምሬያለሁ። የቆጠብኩትን እንዴት እንደሚበሉት ግን አላውቅበትም። አንተ ዓሣ ትበላለህ። እኔ የምበላው ይህንን ነው።” አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ መሃል ጨርቅ የያዘች ይመስል አሸት አሸት አደረገች።

ስምዖን ያመነ አይመስልም።

ሱቁ ከተከፈተ አሁን አምስተኛ ወሩ ነው። ሥራው እንደ ድሮው አይደለም፤ ሰው የተሰፋ ልብስ ከገበያ ይገዛል፤ እሷ ጋ የሚመጣው ለማስጠበብና ለማሳጠር ነው። ወር በገባ ቁጥር የምታገኘውን ካጣችው ኪራይ ጋር ታስተያየዋለች፤ አንዳንዴም አብዱልከሪም አዲስ ሱቁ ደጃፍ ቆሞ ስታየው ልትጠራው ይቃጣታል። አልጠራችውም። ደም ግፊቷ ትንሽ ወርዷል፤ ሐኪሙ የዕረፍቱ ውጤት ነው ብሏታል፤ እሷም አላረመችውም።

ባለፈው ቅዳሜ ስምዖን ምሳ ሊጋብዛት መጣ። ለአንዲት የሙሽራ እናት ቀሚስ እጅጌ ስትተክል ደረሰ። አንዴ ተክላው ትከሻው አልተቀመጠላትም፤ ፈታችው። ደግማ ተከለችው፤ አሁንም ፈታችው። መርፌ በከንፈሯ ይዛ፣ ቅንድቧን ቋጥራ ለብቻዋ ታጉረመርማለች። ሊያናግራት ሲል በእጇ ከለከለችው።

“ዐሥር ደቂቃ” አለችው በተዘጋ አፏ።

የደንበኞቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስልኩን አወጣ፣ መልሶ ከተተው። ዐሥሩ ደቂቃ አንድ ሰዓት ሲሆን ረሃቡ ጠነከረበትና ከጎረቤት ሁለት ዳቦ ገዝቶ መጣ። አንዱን አጠገቧ አስቀመጠላት። እሷ አላየችውም፤ እጅጌውን ለሦስተኛ ጊዜ እየተከለች ነበር።