ታፔላው የተደበቀበት ስም

እትዬ ቀለም በአንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ታፔላ የምትነድፍ ሴት ናት። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው፤ ቀን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተደፍታ ቀለም ስታማርጥ ስለሚያዩዋት። እሷም ውለታ አታስቀርም፤ ለእያንዳንዳቸው ስም ታወጣለች። ችግሩ፣ ያወጣችውን ስም በሆዷ አትይዘውም፤ ሥራቸውን በዚያው ስም ታስቀምጠዋለች። «ነዝናዛው»፣ «አረንጓዴ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ»፣ «ሚስቱን ጠይቆ የሚመጣው»። ሰው በጠባዩ እንጂ በድርጅቱ ስም አይታወስም ባይ ናት።

አንድ ቀን ጠዋት ታዲያ ፀጉር አስተካካዩ ባርኔጣውን እንዳጠለቀ ከተፍ አለ።

«እትዬ ቀለም፣ ታፔላዬን! ከሰዓት ሱቄን እከፍታለሁ። ፊት ለፊቴ ያለው ፀጉር አስተካካይ መብራት የሚያበራ ታፔላ ሰቅሏል። የኔ በር ባዶውን ከዋለ ሰዉ ሁሉ እሱ ጋ ይገባላ!»

«ቁጭ በል የኔ ወንድም፤ አሁን ነው የማትመው።»

ወዲያው አልሆነላትም። ያወጣችለት ስም ከጭንቅላቷ ብን ብሎ ጠፍቷል። «ፀጉር» ብላ ፈለገች፤ የለም። «መቀስ» አለች፤ የለም። የዓመታት ፋይል እንደ ድግስ ቤት ጫማ ተደበላልቋል።

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት፣ ታላቅ እህቷ፣ ከማሽኑ ኋላ ብቅ አለች። «አንቺ፣ እንደገና ንደፊውና ገላግይኝ!»

«ስንት ጊዜ ተመላልሼ ያሠራሁትን?» ፀጉር አስተካካዩ ብድግ አለ። «እንደሱማ ከሆነ ማታም አይደርስ!»

እትዬ ቀለም ግን ፊቷ በራ። ሰሞኑን ከመጽሐፍ ላይ ስክሪፕት መጻፍ ለምዳለች፤ በጥቂት መስመር ትእዛዝ ኮምፒውተሩን ወዲህ ወዲያ መላክ። እህቷ «በዚህ ዕድሜሽ!» ብላ ስቃባት ነበር። ይኸው ቀኑ ደረሰ!

«ስልክ ቁጥርህን ንገረኝ።»

«ልትደውይልኝ ነው? ፊትሽ ተገትሬ!»

«ታፔላው ላይ አለ አይደል? በድሮው ፎንት የጻፍኩት ፊደል ሲፈለግ ይምታታል፤ ቁጥር ግን ቁጥር ነው። ስክሪፕቴ ፋይሉን ሁሉ እየከፈተ ይህ ቁጥር ያለበትን ያመጣልኛል።»

ጻፈች። «እንተር»ን ተጫነች። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ብቅ አለ።

«ተገኘ!» ብላ ጮኸች። ከፈተችው። የራሷ ስክሪፕት! ለካ ቁጥሩን ስክሪፕቱ ውስጥ ጽፋ እዚያው ከፋይሎቹ መሀል አስቀምጣዋለች፤ እሱም የመጀመሪያውን ሲያገኝ ሥራ ጨረስኩ ብሎ ቆሟል።

«ፈልግ ብለሽ የላክሽው ራሱን ይዞ መጣ?» እህቷ በሳቅ ወረቀት ክምር ላይ ተደፋች።

«ታዛዥ ነዋ! ቁጥሩ ያለበትን አምጣ አልኩት፤ አመጣ!» እትዬ ቀለም እንባዋን እየጠረገች አረመችው፤ ራስህን ዝለል፣ አንዱን ብታገኝም አትቁም።

ደግማ ተጫነች። አዲስ መስመር መጣ፤ የፋይሉ ስም። ከኋላዋ አንገቱን ያሰገገው ፀጉር አስተካካይ ቀድሞ፣ ጮክ ብሎ አነበበው፤

«ማበጠሪያ — የማይነካው — መላጣ።»

እትዬ ቀለም መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። እህቷ የማሽኑን ቁልፍ የምትፈልግ መሰለች።

ሰውዬው ባርኔጣውን ቀስ ብሎ አወለቀ። አናቱ እንደ ታጠበ ሳህን አብረቀረቀ።

«እትዬ ቀለም» አለ፤ «ታፔላው ላይ ምን ብዬሽ ነበር ያስጻፍኩት?»

«ዘመናዊ ፀጉር ቤት» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ሰርዢው! ፊት ለፊቴ ያለውም ‹ዘመናዊ› ብሏል። መላጣ ግን የለውም! ‹መላጣው ፀጉር ቤት› በይልኝ፣ በትልቁ!»

ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ። ፋይሉ ስለተገኘ የቀረው አንድ ቃል መቀየር ብቻ ነበር፤ ማሽኑ ያገሳ ጀመር፤ የታፔላው ጫፍ ቀለሙ ሳይደርቅ ብቅ አለ።

«እሺ፣ አዲሱንስ ምን ብለሽ ልታስቀምጪው ነው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ እንደገና እያሰገገ።

«ዞር በል» አለችው እትዬ ቀለም፣ በእጇ ስክሪኑን ጋርዳ፤ «እየጻፍኩ ነው!»