የሸራው ከረጢት

የእህቴ ባል አብዱልጀሊል ከሚሴ ከተማ ባለው ግቢው ውስጥ፣ ዛፍ ላይ ያረጀ የሸራ ከረጢት ሰቅሏል። ጎረቤቶች ምንነቱን ይጠይቁኛል። የሰማሁትን እነግራቸዋለሁ፤ ከረጢቱ የመጣበትን ቦታ ግን እኔም አላየሁትም።

አብዱልጀሊል አዋሽ በረሃ ዳር በድንኳን የተሠራ የሀብታሞች ሎጅ ውስጥ አስራ ስምንት ዓመት ሠርቷል። ድንኳኑ ሰፊ አልጋና ምንጣፍ አለው፤ በደጁ ሳላ የሚባለው ረጅም ቀንድ ያለው የዱር እንስሳ ያልፋል። የእሱ ሥራ ከድንኳኑ ጀርባ ነበር። እንግዳው ሊታጠብ ሲል ውሃ አሙቆ ከታች ቀዳዳ ያለው የሸራ ከረጢት ይሞላል፣ ውሃው እንግዳው ራስ ላይ እንዲወርድ በገመድ ወደ ላይ ይስባል፣ ከዚያ በድንኳኑ ሸራ በኩል «በቃ?» ብሎ ይጠይቃል።

እህቴ ሙና በዚያ ሁሉ ዓመት ልጆቿን ብቻዋን አሳደገች። ቧንቧ እስኪገባ ድረስ ውሃ የምታመጣው ከቦርከና ወንዝ በጀርባዋ ተሸክማ ነው።

ሥራውን ሲለቅ ባለቤቶቹ ከሚስቱ ጋር ሁለት ቀን በእንግድነት እንዲያርፍ ጋበዙት። ቦታውን ካየችልኝ አፉ ትለኛለች፣ ይቅር ትለኛለች ብሎ ይዟት ሄደ።

ሙና ጫማዋን ሳታወልቅ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ከማል ሲወለድ እዚህ ነበርክ?»

«እዚሁ።»

«ፎጣ ስታጥፍ።»

«ፎጣው የሌላ ሰው ሥራ ነው። የእኔ ውሃ ነበር።»

«ውሃስ እኔም ነበረኝ፣ የከማል አባት። ጀርባዬን እይልኝ።»

ወደ ማታ ልትታጠብ ስትገባ እሱ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ሄደ።

«ዛሬማ እንግዳ ነህ፣ ተቀመጥ» አለው ተረኛው ውሃ አሙቂ።

«እንግዳዋ እሷ ናት» ብሎ ባልዲውን ተቀበለው።

ውሃው ወረደ።

«በቃ?»

ሙና ድምፁን አወቀችው። «ጨምር» አለች።

ሞላ፣ ሳበ። «በቃ?»

«ጨምር። የቦርከናው ገና አላለቀም።»

አምስተኛው ከረጢት ላይ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሰማችው።

«ተው በቃ፣ አፉ ብዬሃለሁ። በረሃ ላይ የሰው ውሃ አትጨርስ።»

ከረጢቱን ለምኖ ያመጣው ያን ጊዜ ነው። አሁንም ሎጁ ይናፍቀዋል። ጀንበር ስትጠልቅ ደጁ ላይ ተቀምጦ «ይሄኔ ሳላዎቹ ውሃ ወርደዋል» ይላል። ሙናም፣ ሁለት ቀን ብቻ ያየችው ሴት፣ «ያ ትልቁ ቀንዳሙም?» ትለዋለች።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ሙና ለነገው ጁምዓ በከረጢቱ ስትታጠብ፣ በሚያዋስነን አጥር በኩል እሰማቸዋለሁ።

«በቃ?»

«ጨምር።»