አፈር የማይወደው አበባ

ዛሬ አንድ ባንክ ውስጥ የፕላስቲክ ኦርኪድ አየሁ። ውሃ ስለማያጠጡት አይሞትም።

በንጉሡ ጊዜ መርካቶ አጠና ተራ ይነግድ የነበረው አባቴ፣ ከጅማ በመጣ ግንድ ላይ ተጣብቆ ያገኘውን ያኔ ስሙን የማናውቀውን ተክል ለእናቴ አመጣላት። ሕፃኑ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ከቤት ሳትወጣ የከረመችው እናቴ ነጩን አበባ አይታ፣ «ይሄስ አይሞትብኝም» አለች። ጣሳ ውስጥ ፍግ በበዛበት አፈር ተክላ ጠዋት ማታ አጠጣችው። ብዙም ሳይቆይ ሥሩ በሰበሰ። የከፋ አገር ሰው የሆኑት ሽማግሌው ግንድ ጫኝ ጋሼ ወልዴ ተጠርተው አዩት።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ዛፍ ላይ የሚኖር ነው፤ ሥሩ አየር ነው የሚፈልገው። ከነነፍሱ ቀበሩት!» ብለው ሳቁ።

«ልጄንም እኔ ነኛ የገደልኩት?» አለች እናቴ።

ጋሼ ወልዴ ሳቃቸውን ዋጡ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ኦርኪድ ያላነበብኩት መጽሐፍ የለም፤ ስለ አያያዙ ብትጠይቁኝ እስኪሰለቻችሁ አወራለሁ። ለእሷ ጥያቄ ግን፣ ከሞተች በኋላም፣ መልስ አላገኘሁም።