አማቴ የማጨጃውን ቢላ ያስተካከሉ ዕለት

ጥር ላይ ተጋብተን የባለቤቴ እናት፣ አማቴ፣ ከሞጣ ወደ ቢቸና ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጠይቁን የመጡት በመስከረም ነው። ዘመኑ የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነበር። ከዚያ በፊት ያየኋቸው በሠርጋችን ዕለት ብቻ ሲሆን፣ ያን ዕለት አንድ ጊዜ እንኳ ሲስቁ አላየሁም። በዚህ ምክንያት ከመምጣታቸው በፊት ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን ስወለውል፣ ስናገርም ድምፄን ዝቅ ማድረግ ስለማመድ ሰነበትሁ። ዓርብ አመሻሽ ላይ ደረሱ። አውቶቡሱ ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ፈንድቶበት ግማሽ ቀን ተቀምጠዋል። ደክሟቸው ስለነበር ብዙም ሳንጫወት ተኙ።

በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ግቢው መሐል የሣር ማጨጃ ማሽን ገትሮ አገኘሁት።

እሱ የሚሠራው ከተማው ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነበር። ማሽኑን የተወው ሥራውን ጨርሶ የሄደ ፕሮጀክት ነው፤ ሁለት ዓመት መጋዘን ውስጥ ተቀምጧል። ክረምቱ ሲወጣ የመሥሪያ ቤቱ ሣር ጉልበት ላይ ደረሰና ኃላፊው በስብሰባ ላይ ምን ይሻላል ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ እጁን አውጥቶ ማሽኑን እኔ አስተካክለዋለሁ አለ። በሕይወቱ የሣር ማጨጃ ነክቶ አያውቅም። ከጎረቤታችን አናጢ ሞረድና ትልቅ የቡሎን ቁልፍ ተውሶ፣ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ተነሣ።

አማቴ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ ይመለከታሉ። ባለቤቴ ሞተሩ ሳይታሰብ እንዳይነሣ የካንዴላውን ሽቦ ነቅሎ ማሽኑን በጎኑ አጋደመው። ቢላውን የያዘው ቡሎን ግን አልላላ አለ። እኔ ቢላውን በእንጨት ደግፌ ያዝሁ፤ እሱ በቁልፉ ላይ ተንጠለጠለ። እንደዚያ ስንታገል ከቆየን በኋላ ለካ የሚያዞረው ወደሚጠብቅበት ኖሯል። ወደ ሌላው ሲያዞረው በአንድ ጊዜ ለቀቀና ሁለታችንም በቂጣችን ሣሩ ላይ ተቀመጥን። ሳቄ መጣ። አማቴ መኖራቸውን አስታውሼ መልሼ ዋጥሁት።

የቢላው ሁለት ጫፎች በድንጋይ ተበልተው ተሸራርፈዋል። ባለቤቴ አንደኛውን ጫፍ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ ሞረደው። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ክንዱ ዝሎ ስለነበር ጥቂት ጊዜ ፋቅ ፋቅ አድርጎ በቃኝ አለ። እኩል አይደሉም ብዬ ብነግረው፣ ዋናው መሳሉ ነው ብሎ መልሶ ገጠመው። የኪራይ ቤታችን ግቢም ሣሩ አድጎ ስለነበር እዚያው ሊሞክረው ገመዱን ሳበ። በአራተኛው ማሽኑ ተነሣ።

እንደዚያ ያለ መንቀጥቀጥ አይቼ አላውቅም። ማሽኑ ይዘላል፤ ባለቤቴ እጀታውን እንደያዘ ከእግር ጥፍሩ እስከ ራሱ ይርገፈገፋል። መነጽሩ ከዓይኑ ወደ አፍንጫው፣ ከአፍንጫው ወደ አፉ ወረደ። አንድ ነገር ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ቃሉ እየተቆራረጠ ስለሚወጣ አንዱንም አልሰማሁትም። የአከራያችን ዶሮዎች አጥር ላይ ሰፈሩ። ማሽኑ እሱን እየጎተተ ወደ ማድ ቤቱ ሲያመራ እንደምንም አጠፋው። ከጠፋም በኋላ እጆቹ መንቀጥቀጣቸውን አላቆሙም።

የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ከበሩ መቃን ጋር ተጣበቅሁ። ከኋላዬ ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል አማቴ እንዝርታቸውን ጥለው፣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ትከሻቸው ይርገበገባል። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥሁ። ነጠላውን ሲገልጡት ግን በሳቅ እንባቸው ይወርዳል። ያን ጊዜ የዋጥሁት ሁሉ ገንፍሎ ወጣ፤ ተያይዘን ሳቅን። ባለቤቴ ቅር ብሎት ቆሞ ሲያየን ቆየና እሱም ተሸነፈ።

አማቴ ዓይናቸውን ጠርገው የትኛውን ጫፍ አብዝቶ እንደሞረደ ጠየቁት። የግራውን አላቸው።

«እንዝርትም አንድ ጎኑ ከከበደ እንዲህ ነው የሚወላገድ» አሉ። «ፍታውና ወዲህ አምጣው።»

መጀመሪያ ቢላው ላይ የደረቀውን ጭቃና ሣር በአሸዋ አሳጠቡኝ። ቀጥለው የበረንዳው ምሰሶ ላይ ሚስማር አስመቱና ቢላውን በመሐል ቀዳዳው አንጠለጠሉት። ለቀቅ ሲያደርጉት ትንሽ የተሞረደው ጫፍ ወደ ታች ወረደ። አስተካክለው ቢለቁትም ያው ወረደ። ከከበደው ጫፍ ጥቂት ሞርደን እንድናመጣው አዘዙ። ባለቤቴ ቸኩሎ አብዝቶ ሞረደና አሁን ደግሞ ሌላኛው ጫፍ ወረደ። ሳቁ እንደገና ተነሣ። በሦስተኛው አማቴ ሞረዱን ከእጁ ወሰዱ።

«እስቲ ወዲያ በል» አሉት፤ እሱም ወዲያ አለ።

ሌላኛውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለው ያዙና በቀስታ፣ ስለቱን ተከትለው ይሞርዱ ጀመር። ጥቂት ሞርደው ይሰቅሉታል፤ ሦስታችንም ቁጢጥ ብለን ትንፋሻችንን ይዘን እናየዋለን፤ ያወርዱታል። በመጨረሻ ቢላው አግድም ቀጥ ብሎ ቆመ። ዝንብ መጥታ አንደኛው ጫፍ ላይ አረፈች። ባለቤቴ ጆሮዬ ላይ፣ ዝንቧ ልታጋድለው ነው ብሎ አንሾካሾከ፤ የአማቴን ፊት ሳይ እሳቸውም የሚያስቡት ይህንኑ ነበር። ቢላው ንቅንቅ አላለም።

ከተገጠመ በኋላ ማሽኑ ድምፁን ሳይቀይር ቀጥ ብሎ ይሄድ ጀመር፤ ሣሩ እየተቆረጠ ይበተናል፣ ግቢው በእርጥብ ሣር ሽታ ተሞላ። አማቴ ሁለት ዙር አይተው ነጠላቸውን አገልድመው ተነሡ።

«ለእኔም ስጠኝ» አሉ።

ቀጥ ያለ መስመር እያወጡ እስከ አጥሩ ሄዱ። ማዞሩን ግን ማንም አላሳያቸውም ነበር። እኛ ስንሮጥ እሳቸው በአከራያችን የጎመን መደብ ላይ ከዳር እስከ ዳር አለፉበት። አከራያችን ድምፁን ሰምተው ሲወጡ አማቴ ማሽኑን አስጠፍተው፣ ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። ሴትዮዋ ጎመናቸውን አይተው፣ ማሽኑን አይተው፣ ሴት ልጅ ይህን መንዳት ትችላለች እንዴ ሲሉ ጠየቁ። ከዚያ እሳቸውም ለመንዳት ተራ ያዙ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግቢው እንደ ምንጣፍ ተስተካክሏል፤ እኔ፣ አማቴና አከራያችን በጉልበታችን ላይ የሣር ብጣሽ ተለጥፎ በረንዳው ላይ ተዘርግተናል። ራታችን ያው ጎመን ነበር፤ አከራያችን ራሳቸው ለቅመው፣ መከተፉን ማሽኑ ጨርሶታል፣ አጥቦ መቀቀል ብቻ ነው ብለው ሰጡን።

ሰኞ ባለቤቴ የመሥሪያ ቤቱን ግቢ አጨደ። ኃላፊው ተደስተው ቢላውን ማን እንዳስተካከለው ሲጠይቁት እናቴ ብሎ መለሰ፤ እሳቸው የሚቀልድ መሰላቸው። አማቴ በሳምንቱ ሊመለሱ አስበው የነበረ ቢሆንም እስከ ጥቅምት አጋማሽ ከእኛ ጋር ሰነበቱ። በየቅዳሜው ጠዋት ፊታቸውን ታጥበው ሲወጡ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ማሽኑ ከመሥሪያ ቤት መምጣት አለመምጣቱን ነበር።